ላሜራ የሚድነው የት ላይ ነው? የኔስቲንግ ሶፍትዌር ምርጫ ሲዳሰስ

ለአንድ የብረታ ብረት ሥራ ዋጋ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ ሚዛን የሚደፋው ላሜራው ራሱ ነው። አገራችን የምትጠቀምበት ጠፍጣፋ ብረት ደግሞ በአመዛኙ ከውጭ የሚገባ ነው። ብሔራዊ ባንክ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ በየወርክሾፑ ጥግ የሚከመረው ቁርጥራጭ ባለቤቱን ከቀድሞው በላይ ያሳስበዋል፤ ሊያሳስበውም ይገባል። በዶላር ተገዝቶ በኪሎ ሒሳብ ለስክራፕ ነጋዴ የሚሸጥ ብረት ነውና።

ኔስቲንግ የሚቆረጡትን ቅርጾች በላሜራው ላይ አሸጋሽጎ መደርደር ነው። ጎበዝ ልብስ ሰፊ መቀስ ከማንሣቱ በፊት የእጅጌውንና የኮሌታውን ልክ ጨርቁ ላይ እያዟዟረ እንደሚያየው፣ የብረት ባለሙያም ከመቁረጡ በፊት የትኛው ቅርጽ የት ቢያርፍ እንደሚሻል ያያል። ዛሬ ይህን ኮምፒውተር በሰከንዶች ይሠራዋል። ለዚህ የተዘጋጁት ሶፍትዌሮች ብዙ ናቸው፤ ከነጻው አንሥቶ ብዙ ሺህ ዶላር እስከሚጠየቅበት ይገኛሉ። ሻጮች ቀድመው የሚያሳዩት ደግሞ አንድ ቁጥር ነው፦ ከላሜራው ስንት በመቶው ሥራ ላይ ዋለ የሚለውን። ያ ቁጥር ብቻውን ለምርጫ አይበቃም። ለወርክሾፑ ገንዘብ የሚያድነው ሶፍትዌሩ የተረፈውን ላሜራ መዝግቦ መልሶ ሥራ ላይ ማዋሉና ከሚቆርጠው ማሽን ጋር መግባባቱ ነው። ቀጥሎ የሚቀርበው ዳሰሳ ይህን በየፈርጁ ያሳያል።

ፍጹም መልስ የሌለው ሒሳብ

ችግሩ የቆየ ነው። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 በሌኒንግራድ ባሳተመው ሥራ የፋብሪካ እቅድን በሒሳብ ሲተነትን ካነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ ጥሬ ዕቃ ሲቆረጥ የሚወጣው ስክራፕ እንዴት ይቀንሳል የሚለው ነበር። በ1975 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን በጋራ የተሸለመው ሀብትን በአግባቡ ስለማደላደል ባደረገው ጥናት ነው። በ1961 ደግሞ የአይቢኤም ተመራማሪዎች ጊልሞርና ጎሞሪ ረጅም ጥቅልን በተለያየ ስፋት የመቁረጥን ጥያቄ በኮምፒውተር የሚፈታ ዘዴ አወጡ።

ጥቅልና አራት ማዕዘን ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ጠመዝማዛ ጠርዝ ያላቸውና በየአቅጣጫው መዞር የሚችሉ ቅርጾች ሲመጡ ሒሳቡ ከቁጥጥር ይወጣል። ሃያ የተለያዩ ቅርጾች ሊደረደሩበት የሚችሉት ቅደም ተከተል ብቻውን ከሁለት ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ይበልጣል፤ ማዞርና መገልበጥ ገና አልተጨመረበትም። ስለዚህ ሶፍትዌሮቹ ሁሉንም አይሞክሩም። አንዱን ቅርጽ በሌላው ዙሪያ በሐሳብ እያንሸራተቱ ሳይነካካ የሚያርፍበትን ድንበር ያወጣሉ፤ ከዚያ ብዙ አደራደሮችን እያወዳደሩ የተሻለውን ያስቀራሉ። ተጨማሪ ደቂቃ ሲሰጣቸው ውጤቱ ይሻሻላል፤ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ብዙም ፈቀቅ አይልም።

ለገዢ ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ለውስብስብና ለተቀላቀለ ሥራ «ከዚህ የተሻለ አደራደር የለም» ብሎ የሚያረጋግጥ ሻጭ የለም። በደንብ የተሠሩ ሶፍትዌሮች በዚህ በኩል እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነትም እንደ ሥራው ዓይነት ይገለባበጣል።

አንድ ሦስት ማዕዘን ምን ያሳያል

ሰፊው ልዩነት ያለው በሁለት የአደራደር ዘዴዎች መካከል ነው። አንደኛው እያንዳንዱን ቅርጽ በሚሸፍነው አራት ማዕዘን ሣጥን ይቆጥረዋል። ሁለተኛው ቅርጹን እንዳለ ይወስደዋል። የዓምድ ማጠናከሪያ የሚሆን 300 በ200 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ሦስት ማዕዘን እንውሰድ። ላሜራው 1250 በ2500 ሚሊ፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ይሁን፤ በየቁራጩ መካከልና በላሜራው ጠርዝ 10 ሚሊ እንተው።

በሣጥን ሲደረደር 300 ሚሊ የሆነው ጎን በላሜራው ስፋት 4 ጊዜ፣ 200 ሚሊ የሆነው ጎን በርዝመቱ 11 ጊዜ ይገባል። ውጤቱ 44 ቁራጭ ነው፤ ከላሜራው ሥራ ላይ የዋለው 42 በመቶ ብቻ ነው። በቅርጹ ሲደረደር ግን አንዱ ሦስት ማዕዘን ተገልብጦ በረጅም ጎኑ ከሌላው ጋር ይጋጠማል። በመካከላቸው 10 ሚሊውን ክፍተት ለመጠበቅ ጥንዱ 300 በ212 ሚሊ ቦታ ይይዛል። እንዲህ ያለው ጥንድም 4 በ11 ሆኖ ይገባል፤ ስለዚህ 88 ቁራጭ ይወጣል፤ 84 በመቶውም ሥራ ላይ ይውላል። የዚያ ላሜራ ክብደት 147 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለት ላሜራ የሚጠይቀው ሥራ በአንድ አለቀ ማለት ነው።

ይሁንና ይህን ጥንድ ለማየት ኮምፒውተር አያስፈልግም። ልምድ ያለው ባለሙያ በኖራ ሲያሰምር ኖሯል። ሶፍትዌሩ የሚያስፈልገው በአንድ ቀን የሦስት ደንበኞች ሥራ ሲደራረብ ነው፦ አንዱ ለጌጠኛ የግቢ በር ቅጠልና ሐረግ የተቀረጸበት ሰፊ ሰሌዳ፣ ሌላው 400 ሚሊ የውጭ ዙሪያና 250 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ፍላንጅ፣ ሦስተኛው ደግሞ ብዛት ያላቸው ትናንሽ ማያያዣዎች ሲፈልጉ። ጥሩ ሶፍትዌር ማያያዣዎቹን በፍላንጁ ቀዳዳና በበሩ ሰሌዳ ክፍት ቦታዎች ውስጥ ይከታቸዋል። ቅርጽን በቅርጽ ውስጥ የማይደረድር ሶፍትዌር በዚህ ዓይነት ቅልቅል ሥራ ላይ የሚያስቀረው ብረት ብዙ ነው።

መቶኛው እንዴት ይቆጠራል

የማስታወቂያ መቶኛ ሲቀርብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከምን ላይ እንደተሰላ ነው። በ1250 በ2500 ላሜራ ላይ በጠቅላላ 1.7 ካሬ ሜትር የሚሆኑ ቁራጮች ተደረደሩና 1700 ሚሊውን ርዝመት ያዙ እንበል። ከሙሉው ላሜራ ሲሰላ ሥራ ላይ የዋለው 54 በመቶ ነው። ከተያዘው ርዝመት ብቻ ሲሰላ 80 በመቶ ነው። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው። የቱ እውነት እንደሚሆን የሚወስነው የተረፈው 800 ሚሊ ነው። በሚቀጥለው ሥራ ከተቆረጠበት 80 እውነት ይሆናል። ከግድግዳ ጀርባ ተደግፎ ከዛገ ግን እውነቱ 54 ነው።

ለዚህ ነው የትራፊ አያያዝ ከመቶኛው የሚቀድመው። ደህና ሶፍትዌር የተረፈውን ክፍል ከነቅርጹ፣ ከነውፍረቱና ከነዓይነቱ ይመዘግባል፤ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አዲስ ሥራ ሲመጣም ሙሉ ላሜራ ከመክፈቱ በፊት ትራፊውን ይሞክራል። ትራፊው ቀጥ ባለ መስመር እንዲቆረጥ ማድረግ መቻሉም ዋጋ አለው። ደረጃ ደረጃ ሆኖ የቀረ ትራፊ ለመደርደርም ለማንሣትም አያመችም።

መቶኛን የሚያሳምር ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም በክፍተቶቹ ውስጥ ያልታዘዙ ቁራጮችን መሙላት ነው። ዘወትር የሚሸጥ ዕቃ ላለው ወርክሾፕ ይህ ጥቅም ነው። ገዢ ለሌለው ዕቃ ግን የመቁረጫ ጊዜና ጋዝ አውጥቶ ስክራፑን ወደ መደርደሪያ ማዛወር ብቻ ይሆናል።

ማሽኑ የሚፈልገው

አደራደሩ የሚለካው መጨረሻ ላይ በሚቆርጠው ማሽን ነው። በጊሎቲን መቀስ የሚቆርጥ ወርክሾፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ከመቁረጥ ሌላ አማራጭ የለውም። ለእሱ በቅርጽ የሚደረድር ውድ ሶፍትዌር ገንዘብ ማባከን ነው። የሚበጀው እንጨት ቤቶች ኤምዲኤፍ ለመቁረጥ የሚጠቀሙበት ዓይነት፣ ቀጥታ ቁርጦችን ብቻ የሚያወጣ ቀላል ፕሮግራም ነው።

ፋይበር ሌዘር በቀጭን ላሜራ ላይ የሚያነሣው መስመር ከአንድ ሚሊ በብዙ ያነሰ ነው። ፕላዝማ ግን እንደ አምፔሩና እንደ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ በላይ፣ አንዳንዴም ብዙ ሚሊ ይበላል። ሶፍትዌሩ ይህን ስፋት በየውፍረቱ ለይቶ መያዝ አለበት፤ አለዚያ ክፍተቱ ወይ ይሰፋና ብረት ይባክናል፣ ወይ ይጠብና ቁራጩ ልኩን ይስታል። በፕላዝማ ላይ እያንዳንዱ መብሻ ኤሌክትሮዱንና ኖዝሉን ይበላል። የመብሻ ብዛት ስለዚህ ቀጥታ ወጪ ነው።

መብሻንም የቁርጥ ርዝመትንም የሚቀንሰው ዘዴ ሁለት ቁራጮችን በአንድ የጋራ መስመር መቁረጥ ነው። 300 በ200 የሆኑ ሁለት አራት ማዕዘኖች ለየብቻ ሲቆረጡ 2000 ሚሊ ይፈጃሉ። ረጅሙን ጎን ሲጋሩ 1700 ይበቃቸዋል፤ ብዙ ሲደረደሩ ደግሞ ቁጠባው ወደ ግማሽ እየተጠጋ ይሄዳል። አደጋው ግን አብሮት አለ። የመጀመሪያው ቁራጭ ሲለቅ ቢንሸራተት ሁለተኛው ልኩን ያጣል፤ ሙቀቱም በአንድ ቦታ ይከማቻል። ስለዚህ ዘዴው የሚያዋጣው ሶፍትዌሩ የመቁረጫውን ቅደም ተከተልና የማያያዣ ነጥቦችን አብሮ ሲያስተካክል ነው።

በሌዘር ላይ ሌላ ችግር ይጨመራል። የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ በጠረጴዛው ጥርሶች መካከል ዘምሞ ጫፉ ወደ ላይ ይቆማል፤ በላዩ የሚያልፈው የሌዘር ራስ ቢገጨው ጥገናው ከባድ ነው። ስለዚህ የሌዘሩ ራስ ከተቆረጡ ቁራጮች በላይ እንዳያልፍ መንገድ የሚመርጥ፣ ወይም ቁራጩን ከላሜራው ጋር የሚይዙ ጥቃቅን ማያያዣ ነጥቦችን የሚተው ሶፍትዌር መቶኛው በሁለት ቢያንስም ይመረጣል። የማዞር ገደብም እንዲሁ ነው። መስመር ያለው የማይዝግ ብረት ወጥ መልክ እንዲኖረው ቁራጮቹ በአንድ አቅጣጫ መተኛት አለባቸው፤ የሚታጠፍ ቁራጭም የብረቱን የጥቅለላ አቅጣጫ ካልጠበቀ እጥፋቱ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን በየቁራጩ ማዘዝ የማይቻልበት ሶፍትዌር ያማረ አደራደር ቢያወጣም ሥራውን ያበላሻል።

ገበያው ላይ ያሉት

ምርቶቹ በአራት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከማሽን አምራቾች ጋር የሚመጡት ናቸው፦ የጀርመኑ ትሩምፍ ትሩቶፕስ ቡስት፣ የስዊዘርላንዱ ባይስትሮኒክ ባይሶፍት፣ በቻይና ፋይበር ሌዘሮች ላይ በብዛት የሚገኘው የሻንጋዩ ፍሬንደስ ሳይፕከትና ሳይፕኔስት። ከማሽኑ ጋር መግባባታቸው አያጠያይቅም። ድክመታቸው ሌላ ዓይነት ማሽን ሲጨመር ይታያል። አንድ የቻይና ሌዘር ብቻ ያለው ባለቤት ግን ሌላ ከመግዛቱ በፊት አብሮት የመጣውን አሟጦ ቢማር ይሻለዋል። ብዙዎች ያልነኩት አቅም እዚያው ውስጥ አለ።

ሁለተኛዎቹ የተለያዩ አምራቾችን ማሽኖች በአንድ ላይ የሚያስተዳድሩት ናቸው፦ የአሜሪካው ሲግማኔስት፣ በስፔን ባስክ የተመሠረተው ላንቴክ፣ መነሻው እንግሊዝ የሆነው ራዳን፣ የሃይፐርተርም ፕሮኔስት። ሌዘር፣ ፕላዝማና ፓንች ጎን ለጎን ያሉበት ድርጅት የሚያስፈልገው ይህ ክፍል ነው፤ የትራፊ መዝገብና የዋጋ ማውጫም የጠነከረው እዚህ ነው። ፕሮኔስት የፕላዝማ አምራች ምርት በመሆኑ የዚያን አምራች ማሽን ለያዘ ሰው የመቁረጫ ፍጥነቱና ቅንብሩ አብሮት ይመጣል። የባለቤትነታቸው ሁኔታ ግን መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2021 ትሩምፍ የላንቴክን አብላጫ ድርሻ ገዛ፤ በዚያው ዓመት የስዊድኑ ሳንድቪክ የሲግማኔስት ባለቤት የነበረውን ካምብሪዮን ሲገዛ ሲግማኔስትም አብሮ ሄደ፤ ራዳን ደግሞ ቀደም ብሎ በ2014 ሄክሳገን ባለቤቱን ቬሮን ሲገዛ ወደ ሄክሳገን ገብቷል። ገለልተኛ የነበረ ሶፍትዌር የማሽን አምራች ሊይዘው ይችላል ማለት ነው። ገዢው በእጁ ላለው ማሽን ድጋፉ ምን ያህል እንደሚዘልቅ በውል ላይ ቢያስሰፍር ይበጀዋል።

ሦስተኛዎቹ በስዕል ፕሮግራሞች ውስጥ የተካተቱት ናቸው። የአውቶዴስክ ፊውዥን ኔስቲንግን በተጨማሪ ክፍያ ያቀርባል። ሥዕሉ ሲቀየር አደራደሩም አብሮ ስለሚታደስ ራሱ ዲዛይን አድርጎ ራሱ ለሚቆርጥ ሰው ይመቻል። ደንበኛ ሥዕሉን በዲኤክስኤፍ ፋይል ለሚልክለት ወርክሾፕ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል።

አራተኛው ነጻው ነው፤ ስሙ የሚነሣው ዲፕኔስት ነው። ምንጭ ኮዱ ክፍት ነው፤ በቅርጽ ይደረድራል፤ ቅርጽን በቅርጽ ውስጥም ይከታል። የማይሠራው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፦ የመግቢያ መስመር፣ የመቁረጫ ቅደም ተከተልና የትራፊ መዝገብ አይሰጥም። ስለዚህ አደራደሩን ከእሱ ወስዶ የማሽኑን ትእዛዝ እንደ ሺትካም ባለ ርካሽ ፕሮግራም ማውጣት ይቻላል። አንድ የፕላዝማ ጠረጴዛ ላለው ጀማሪ ይህ ጥንድ በቂ መነሻ ነው።

ከሶፍትዌሩ በፊትና በኋላ

ሶፍትዌሩ የሚቀበለው ሥዕል ንጹሕ ካልሆነ ምርጡም አይረዳም። የደንበኛ ዲኤክስኤፍ ብዙ ጊዜ ተደራርበው የተሣሉ መስመሮችና ያልገጠሙ ጫፎች ይኖሩታል። ተደራቢው መስመር ሁለት ጊዜ ይቆረጣል፤ ያልተዘጋው ቅርጽ ቀዳዳ ይሁን ውጫዊ ጠርዝ አይታወቅም። በኢንች የተሣለ ፋይል በሚሊ ሲከፈት ከ25 ጊዜ በላይ አንሶ ይታያል። እነዚህን ለይቶ የሚያስጠነቅቅና የሚያርም ሶፍትዌር በየቀኑ የዲዛይነሩን ሰዓት ያተርፋል።

በሌላኛው ጫፍ ፖስት ፕሮሰሰሩ አለ። እሱ አደራደሩን ማሽኑ ወደሚገባው ኮድ ይለውጣል። ለእርስዎ ኮንትሮለር ተሠርቶ ያልተሞከረ ፖስት ይዞ የሚመጣ ሶፍትዌር ለወራት ጭቅጭቅ ይዳርጋል። ፖስቱን ማን እንደሚያስተካክል፣ ለማስተካከያው ተጨማሪ ይከፈል እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈል በፊት መታወቅ አለበት።

የፈቃዱ ነገርም ለእኛ ከባድ ጥያቄ ነው። በየዓመቱ በዶላር የሚታደስ ኪራይ ምንዛሪ ሲጠፋ ሥራን ሊያቆም ይችላል። በየቀኑ ከኢንተርኔት የሚያረጋግጥ ፈቃድ ኔትወርክ ሲቋረጥ ያስቸግራል። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ቁልፉ በፍላሽ ከሆነ ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ መጠየቅ ግድ ነው። ፈቃዱ የተሰበረ ኮፒ ርካሽ መስሎ ብዙ ወርክሾፕ ይገባል፤ ከእሱ ጋር ግን ቫይረስ ሊገባ ይችላል፣ ማሻሻያ የለውም፣ ፖስቱ ሲሳሳት የሚጠየቅ ሰው የለም። ሌዘርን ያህል ማሽን በእንዲህ ያለ ፋይል ማንቀሳቀስ ንብረትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ሕጋዊውን ነጻ ሶፍትዌር መጠቀም እየተቻለም አያስፈልግም።

በራስ ሥራ መፈተን

ሻጩ ይዞት የሚመጣው ማሳያ ሶፍትዌሩ የሚያምርበት ሥራ ነው። የሚታመነው ፈተና ወርክሾፑ በቅርቡ የቆረጣቸውን እውነተኛ ሥዕሎች ለሁሉም ተወዳዳሪ መስጠት ነው። ቀላሉም፣ ጌጠኛውም፣ ቅልቅሉም ይኑርበት። ለሁሉም አንድ ዓይነት ክፍተት፣ አንድ ዓይነት የጠርዝ ርቀት፣ አንድ ዓይነት የማስያ ጊዜ ይሰጥ። በመደርደሪያው ላይ ካሉት ትራፊዎች ጥቂቱም ይግቡበት፤ ይህን የማይቀበል ሶፍትዌር ገና ከጅምሩ ራሱን አሳይቷል።

ከዚያ የሚቆጠሩት ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ስንት ሙሉ ላሜራ ተከፈተ፣ ምን ያህል ትራፊ ለቀጣይ ሥራ ሊውል ይችላል፣ የቁርጡ ርዝመት ስንት ነው፣ ስንት መብሻ አለ፣ ኦፕሬተሩ ከፋይሉ እስከ ኮዱ ለመድረስ ስንት ደቂቃ ፈጀበት። በመጨረሻም ቢያንስ አንዱ አደራደር በራስ ማሽን ይቆረጥና ቁራጮቹ በካሊፐር ይለኩ። በስክሪን ላይ 3 በመቶ የበለጠ ሶፍትዌር በጠረጴዛው ላይ ሁለት ቁራጭ ካበላሸ ብልጫው ተበልቷል።

ለማን ምን ይበጃል

አንድ ዓይነት ዕቃ ደጋግሞ የሚሠራ ወርክሾፕ አደራደሩን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አውጥቶ ማስቀመጥ ይበቃዋል፤ ለእሱ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። በጊሎቲን የሚቆርጥም እንዲሁ። አንድ ፕላዝማ ወይም አንድ ሌዘር ይዞ የተለያየ ሥራ የሚቀበል ከማሽኑ ጋር የመጣውን ይማር፤ ካነሰው በነጻው ይሙላው። በየቀኑ የብዙ ደንበኞችን ሥራ የሚቀላቅል፣ ከአንድ በላይ ማሽን ያለውና ትራፊው ክምር የሆነበት ድርጅት ግን የሁለተኛውን ክፍል ሶፍትዌር ቢገዛ ወጪውን የሚመልስበት ሰፊ ዕድል አለው።

ያም ቢሆን ግዢው የሚያዋጣው ወርክሾፑ ትራፊውን የሚያከብር ከሆነ ነው። እያንዳንዱ የተረፈ ላሜራ ውፍረቱ፣ ዓይነቱና ልኩ ተጽፎበት፣ ሊወጣ በሚችልበት መደርደሪያ መቆም አለበት። ይህን በደብተር መጀመር ይቻላል፤ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። መዝገቡ ከተለመደ በኋላ ምን ያህል ትራፊ ሳይነካ እንደሚቀር በቁጥር ይታወቃል፤ ሶፍትዌሩ ሊያድን የሚችለው ብረት ስንት ብር እንደሚያወጣም ከዚያ ይሰላል። ያን ሒሳብ ይዞ የተነሣ ባለቤት ሻጩን ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መቶኛ አይሆንም፤ «ይህን ትራፊዬን ነገ በየትኛው ሥራ ላይ ታውልልኛለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም በራሱ ላሜራ ላይ እንዲያሳየው ያደርጋል።